ላይና ታች ሰፈር በአንድ ሩር

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

አፌ ነው ያመጣብኝ። ትናንት በመምህራን ስብሰባ ላይ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ወንድማገኝ የታዳጊዎቹን የገና ጨዋታ ቡድን ጉዳይ አነሱ። የስፖርት መምህሩ ለትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል። ቡድኑ ከተቋቋመ አምስት ዓመቱ ነው፤ በአምስት ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውቶ ዘጠኙንም ተሸንፏል። «እንግዲህ ባይኖርስ?» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። እኔ ዝም ማለት መቼ አውቄ! «የወገዳ ልጅ ገና ካልተጫወተ ምን ሊሠራ ነው? ስልክ ሲጎረጉር ሊውል?» አልሁ። አቶ ወንድማገኝ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «መልካም፣ አንቺው ያዢያቸው። በጊዜያዊነት» አሉ።

በጊዜያዊነት! የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ። የገና ዱላ በእጄ ይዤ አላውቅም፤ ለሴት ልጅ ማን ይሰጣል። ሲጫወቱ እያየሁ ግን አድጌያለሁ። ወንድሜ አስማረ የላይ ሰፈር ጀግና በነበረ ጊዜ ከሜዳ ዳር ቆሜ ስጮህ ድምፄ እስከ ጥምቀት አይመለስም ነበር።

ውሳኔያቸው ይኸ ነው። ዘንድሮ ሁለት ጨዋታ አለ፤ ታኅሣሥ 8 ከጋይንት ልጆች ጋር እዚሁ ወገዳ፣ በገና ዕለት ደግሞ ከእስቴ ልጆች ጋር መካነ ኢየሱስ። ከሁለቱ አንዱን ካሸነፍን ቡድኑ ይቀጥላል። ሁለቱንም ከተሸነፍን ይፈርሳል፤ ማሊያው ለእግር ኳሶቹ ይሰጣል።

ኅዳር 7፣ ረቡዕ

የመጀመሪያ ልምምድ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ጤፉ በታጨደለት ማሳ ላይ። አሥራ ስድስት ልጆች መጡ። ስምንቱ ከላይ ሰፈር፣ ስምንቱ ከታች ሰፈር። ተቀመጡ ስላቸው በመካከላቸው ጋሪ የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ተቀመጡ።

አይፈረድባቸውም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከገና እስከ ጥምቀት እርስ በርስ ነው የሚጋጠሙት። ሩሯ ከእንጨት የተጠረበች፣ ቡጢ የምታህል ናት፤ ላይ ሰፈር ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይነዳታል፣ ታች ሰፈር ቁልቁል ወደ ወንዙ። ወደ ሰፈሩ ያስገባት አሸነፈ። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድበዋል፤ ሽማግሌውም፣ ሹሙም ይሰደባል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነው ሕጉ። ከጥምቀት በኋላ ግን ይቆጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ።

ዛሬ ደባልቄ አሰለፍኋቸው። የላይ ሰፈር ልጅ ሩሯን ካገኘ ለላይ ሰፈር ልጅ ብቻ ያቀብላል፤ የታችም እንዲሁ። አንድ ቡድን አልመሰሉም።

አምበል ፊልጶስን አደረግሁ። ከላይ ሰፈር ስለሆነ አይደለም፤ ረጋ ያለ፣ አንደበቱ የተገራ ልጅ ስለሆነ ነው። ከታች ሰፈር ኪዱ የሚባል አለ። ሳይጎብዝ አይቀርም። ሁኔታው ግን አላማረኝም፤ ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል።

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ሚካኤል። ከቅዳሴ ስንወጣ ከኋላዬ ሁለት የታች ሰፈር ሴቶች ያወራሉ።

«ለልጆቹ የተሾመችው የአስማረ እኅት ናት አሉ።»

«በያ! እንግዲያ የኛዎቹ ውኃ ሊያመላልሱ ነዋ።»

ዘወር ስል ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። እንዴት ዋልሽ የኔ እመቤት፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው። ቀኑን ሙሉ ደሜ ሲፈላ ዋለ። እኔ አድልዎ አላውቅም! የፈተና ወረቀት እንኳ የማርመው ስሙን ሸፍኜ ነው።

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ከአሥራ ስድስቱ ስድስት መጡ። አጨዳ ነው። ጾምም ገብቷል፤ ሆዳቸው ባዶ።

ኪዱ ለሦስተኛ ጊዜ ቀረ። ሰነፍ።

(ማታ) አባቱ ጋሽ አለባቸው ወገባቸውን ታመው አዝመራው በሱ ላይ ወድቋል ብለው ሰዎች ነገሩኝ። ይሁን። መልእክት መላክ አያቅተውም ነበር። ፊልጶስም ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ቀርቷል፤ እሱ ግን ምክንያት ነበረው።

ኅዳር 26፣ ሰኞ

እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ኪዱን የሚያህል ተጫዋች በዚህ አገር አላየሁም፤ አስማረንም ጨምሮ። (አስማረ ይኸን ደብተር እንዳያገኝ።) ሩሯ ስትመጣ አያያትም። ጆሮው ነው የሚሰማት መሰለኝ። ዱላው የወይራ ነው፤ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ በእሳት አጉብጦ የሠራው። አንድ ጊዜ ሲመታት ከዚያኛው ጥግ ደረሰች።

ግን ለፊልጶስ አያቀብልም። ዛሬ ፊልጶስ ብቻውን ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ኪዱ ዞር ብሎ ለራሱ ሰፈር ልጅ ሰጠ። ጮህሁበት። ፊልጶስም ለሱ እንደማያቀብል አስማረ ነገረኝ፤ እኔ አላየሁም።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ

በጋይንት 3 ለ 1 ተሸነፍን። ከሦስቱ ሁለቱን ያገቡብን የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ነገ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

እስከ እረፍት 1 ለ 1 ነበርን። የምናጠቃው ሽቅብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ወዳለው ግብ ነበር። ከእረፍት በኋላ ዳኛው ሜዳ አቀያየረ። በሰፈር ጨዋታ ሜዳ መቀያየር የሚባል ነገር የለም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ወንዙም ከቦታቸው አይነሡም። ቢሆንም ለልጆቹ ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ቁልቁል ነው፣ አሁን ቁልቁል ነው ብዬ።

ኪዱ ሩሯን ከጋይንቶቹ ነጠቀ። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ቁልቁል ይበራል። ከፊቱ ማንም የለም። ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር አንድ ሰው «ወደ ላይ! ኪዱ፣ ወደ ላይ!» ብሎ ጮኸ። ኪዱ ቆመ። ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ተመልሶ ሩሯን ባለ በሌለ ኃይሉ ሽቅብ መታት፤ እንዲያ ሲመታ ደግሞ ማን ያስቆማታል። የራሳችን ግብ ውስጥ ገባች።

ተመልካቹ ብዙ ነበር። ማን እንደ ጮኸ አይታወቅም።

ትንሽ ቆይቶ ፊልጶስም ማንም ሳይጮህበት እንደ ለመደው ሽቅብ ነድቶ አገባብን። ልጅ ነው፣ ተደናግጦ ነው፤ ምን ይደረጋል።

ኪዱን ግን ከሜዳ አስወጣሁት። በሰው ሁሉ ፊት «በገዛ ቤቱ የሚያገባ ለኔ አያስፈልገኝም፤ ሂድ ወደ ቤትህ!» አልሁት። ዱላውን በሁለት እጁ እግሬ ሥር አስቀመጠና ሄደ።

ጋይንቶች ሲሸኙ እንዲህ እያሉ ጨፈሩብን፦

«የወገዳ ሰው ደግ ነው፣ እንግዳ ያከብራል፤
እንዳትደክሙ ብሎ ግብ አግብቶ ይቸራል።»

እራት ላይ አስማረ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንቺ እኮ ድምፅሽ ከደወል ይብሳል። ከገበያው ማዶ ሱቄ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁሽ» አለኝ። ምን እንደ ሰማ አልጠየቅሁትም። ወጡ ጨው በዝቶበታል አልሁት።

ታኅሣሥ 12፣ ረቡዕ

ከታች ሰፈር አንድም ልጅ ለልምምድ አልመጣም። ስምንት ቀሩኝ። ሜዳ የሚገባው አሥራ ሁለት ነው፤ በስምንት ልጅ ጨዋታ የለም።

አቶ ወንድማገኝ «ለመዝገብ እንዲሆነን የቡድኑን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፊልን» አሉኝ። «ሳይሞት ተዝካር?» አልኋቸው። «አንድ ጨዋታ ቀርቷል አውቃለሁ። ለማንኛውም ጻፊው» አሉ።

የስፖርት መምህሩን አሮጌ ደብተር አውጥቼ ጀመርሁ። «የወገዳ ታዳጊዎች የገና ጨዋታ ቡድን ከአምስት ዓመት በፊት ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት በጋይንት 4 ለ 0፣ በእስቴ 5 ለ 1 ተሸነፈ። በሁለተኛው ዓመት መንገድ ስለ ተዘጋ አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ እሱንም ተሸነፈ።» ሟች ሳይሆን ሽንፈት የሚቆጠርበት ለቅሶ ይመስላል። ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። መምህሩ ግብ የገባበትን ሰዓት ሁሉ ጽፎታል። የዘንድሮውን ጨምሬ ስቆጥር ከአሥሩ ጨዋታ በሰባቱ እስከ እረፍት አልተሸነፍንም። የምንሸነፈው ሜዳ ከተቀያየረ በኋላ ነው።

አምስት ዓመት ሙሉ ልጆቹ ደካሞች ናቸው ሲባል ኖሯል። ደካሞች አይደሉም። ከእረፍት በኋላ፣ ደክሟቸው ሜዳው ሲዞርባቸው፣ ግማሾቹ ወደ ልማዳቸው ነው የሚሮጡት፤ ስንወርድ የላዮቹ ሽቅብ ይላሉ፣ ስንወጣ የታቾቹ ቁልቁል። ቅዳሜ ግን ኪዱ ቁልቁል ይሮጥ ነበር። ልማዱም ቁልቁል፣ ግባችንም ቁልቁል። እሱ ልክ ነበር።

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ

ጩኸቱ የኔ ነበር።

ይኸው ጻፍሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ይኸን ገጽ ገልጬ ዘጋሁ። ሜዳው ዳር ቆሜ ልጁ ሲበር ሳየው ልጅነቴ መጣብኝ፤ ሩር በላይ ሰፈር ልጅ እጅ የገባች መሰለኝ፤ ወይ አልመሰለኝም፤ እንጃ። አፌ «ወደ ላይ!» አለ። ሠላሳ ዓመት የጮህሁት እሱን ነው። ከዚያ ሩሯ ስትገባ ቀድሜ የጣቴን ጫፍ ወደ ኪዱ ቀሰርሁ። ፊልጶስን ግን «አይዞህ» አልሁት። እነዚያ ሴቶች በሚካኤል ዕለት ያሉት እውነት ነበር፤ ውኃ እንኳ አላስመላለስሁትም፣ አባረርሁት እንጂ።

የክፍል ደብተሬንም አየሁ። ፈተናውን ስም ሸፍኜ ነው የማርመው፤ የተሳትፎ ነጥብ ግን ስም ሸፍኖ አይሞላም። የላይ ሰፈር ልጆች ዘጠኝ፣ አሥር፣ ዘጠኝ። የታች ሰፈር ልጆች ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት። የኪዱ አምስት። አፍሬ ደብተሩን ከፍራሽ ሥር ከተትሁት። ማን ያየኝ መስሎኝ እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ ታች ሰፈር እወርዳለሁ።

ታኅሣሥ 17፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ ስምንቱን የላይ ሰፈር ልጆች መንሽ አስይዤ ወደ ጋሽ አለባቸው አውድማ ወረድን። ፊልጶስ መንገድ ላይ «ቲቸር፣ እኛ ለሥራ ታች ሰፈር ወርደን አናውቅም» አለኝ።

«እኔም አላውቅም። ቅደም» አልሁት።

እርቅ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚቀርበው። ከመንገድ ዳር አንድ አንሥቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። አውድማ በጫማ አይገባም፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ኪዱ በሬዎቹን እያዞረ ነው። አባቱ ወገባቸውን በመቀነት ጠፍረው ከዳር ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሕመማቸውን ረስተው ብድግ አሉ።

«ኧረ በሥላሴ! አስተማሪ ለተማሪ ድንጋይ ትሸከማለች? አውርጂ፣ አንቺ ልጅ!»

«ልጅዎ ካልሰማኝ አላወርድም፣ ጋሼ።»

ከዚያ ተናገርሁ። የጮህሁት እኔ ነኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ የተባረርኸው አንተ ነህ አልሁት፣ በስምንቱም ልጆች ፊት። ኪዱ በሬዎቹን አላቆመም። አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ሲጨርስ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«የርስዎ ድምፅ መሆኑን ያን ጊዜም አውቄያለሁ፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርህም?»

«ምን ብዬ? ሌላ ሰው ቢሆን የጮኸ አልዞርም ነበር። ሜዳው መቀያየሩን አውቃለሁ። እርስዎ ስለሆኑ ነው የዞርሁ።»

እዚያው አለቀስሁ፤ ድንጋዩንም ማውረድ ረስቼ። እናቱ ወይዘሮ ይታይሽ መጥተው ከትከሻዬ ወሰዱልኝና፣ «በይ ልጄ፣ እንባሽን ጥረጊና መንሽ ያዢ። ጤፉ እርቅ አይጠብቅም» አሉኝ።

ያዝሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ወቃን፤ ኪዱ ብቻውን ሦስት ቀን ይፈጅበት የነበረውን ጨረስን። ጋሽ አለባቸው እህሉን አይተው ልጆቹን አዩ። «ይኸ እንግዲህ ወንፈል ነው፤ ወንፈል ደግሞ ይመለሳል። ነገ ልጄ የፊልጶስን አባት ጤፍ ይወቃል። የታች ሰፈር ሰው የጉልበት ብድር በልቶ አያውቅም» አሉ።

ስንወጣ ኪዱ ከኋላ ተከትሎ «ልምምድ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

አሥራ ስድስቱም አሉ! በየቀኑ ተራ በተራ በአንዱ ቤት ወንፈል፤ ላይ አንድ ቀን፣ ታች አንድ ቀን። ወላጅ ልጁን ለልምምድ አልለቅም ማለት ቀረ፤ እህሉ በሁለት ሰዓት ያልቅለታላ። ከዚያ አውድማው ዳር ላይ ልምምድ።

አዲስ ሕግ አወጣሁ። ሜዳ በየአምስት ደቂቃው እንቀያየራለን። «ላይ» ወይም «ታች» የሚል ቃል ከአፉ የወጣበት ሰው ከወንዙ አንድ ጀሪካን ውኃ ይቀዳል። ዛሬ አራት ጀሪካን ተቀዳ። ሦስቱን የቀዳሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ፊልጶስ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተንከባለለ። ኪዱ እንኳ ጥርሱ ታየ።

ታኅሣሥ 25፣ ማክሰኞ

የተሳትፎ ነጥቡን አስተካክዬ ሞላሁ። ለርእሰ መምህሩም ነገርሁ። ብዙ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኪዱን ለብቻው ጠርቼ አምበልነቱን ላንተ ልስጥህ አልሁት። አሰበበት። «አይ፣ ፊልጶስ ይሁን። እሱ መናገር ያውቅበታል፣ እኔ መምታት» አለ። የልግጫ እንዳይሆን ፊቱን አየሁት፤ የምሩን ነው። ከቀትር በኋላ ሁለቱ በአንድ አውድማ ፊት ለፊት ቆመው ጭድ ሲያነሡ አየሁ። አንዱ ሲጥል ሌላው ያነሣል፤ አይነጋገሩም፣ አይተያዩም፣ መንሻቸው አይጋጭም። ልምምድ ላይ ሩሯም እንዲሁ በመካከላቸው ትመላለስ ጀመር።

እናሸንፋለን ብዬ አልጽፍም። እጄ ግን ሊጽፈው ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 28፣ ዓርብ። መካነ ኢየሱስ

በአይሱዙ መጣን። መንገዱ አንጀት ያወርዳል። ሁለት ልጆች አስታወኩ፤ አቶ ወንድማገኝ ጋቢና ውስጥ ሆነው ሦስተኛ ሊሆኑ ትንሽ ቀራቸው። በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ሣር ጎዝጉዘውልናል። ልጆቹ ቅዳሴ ሊያድሩ ወጡ። ተኙ ልላቸው ነበር፤ በገና ሌሊት ማን ተኙ ይላል።

የታሪኩን ወረቀት አቶ ወንድማገኝ ኪሳቸው ይዘውታል። ጫፉ ይታየኛል።

ታኅሣሥ 29፣ ቅዳሜ

አሸነፍን።

አሸነፍን፣ አሸነፍን፣ 3 ለ 2! ድምፄ የለም። መጻፍም አልቻልሁም። እግዚአብሔር ይመስገን።

ታኅሣሥ 30፣ እሑድ። ወገዳ

አሁን ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ፤ አንዱንም ሳላስቀር።

እስቴዎች እንግዳ አክባሪ ናቸው፤ መከራችንም ከዚያ ጀመረ። ጾሙ ሲፈታ ልጆቼን ሁለት ሁለት እያደረጉ በየቤታቸው ወስደው አጎረሷቸው። አርባ ሦስት ቀን የጾመ ልጅ የዶሮ ወጥ ቀርቦለት በቃኝ ይላል? በኔ ሞት እያሉ አጠገቧቸው። ሆዳቸውን እየደገፉ መጡ። ደግነቱ የእስቴ ልጆችም ከኛ ብሰው ጠግበዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ በግሳት አለቀ ማለት ይቻላል። እነሱ ሁለት አገቡ፣ እኛ አንድ፤ የኛን ያገባው ፊልጶስ ነው።

እረፍት ላይ ሰበሰብኋቸው። አቶ ወንድማገኝ ከበላያችን ቆመዋል። ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሁሉ አጥንቼዋለሁ። አንዱም አልመጣልኝ። «ሜዳ ተቀያይሯል። ታውቁታላችሁ። ከኔ ድምፅ አትሰሙም» ብቻ አልሁ። የነጠላዬን ጫፍ ጠቅልዬ ጥርሴ ውስጥ ከተትሁ፤ ሳቁብኝ፤ ገቡ።

እንደ ገቡ አየሁት። አሥራ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሮጡት! አንድም ልጅ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለ ነገር በወገዳ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ኪዱ ከሩቅ መታት፤ 2 ለ 2።

ከዚያ በኋላ እስቴዎች ነቁ። አንዱ ልጅ ሩሯን ስቶ የኪዱን ቅልጥም መታው። ደም ወረደ። ዳኛው ዝም። አቶ ወንድማገኝ «ቀይሪው፣ ቀይሪው እንጂ! እግሩን እኮ ነው!» እያሉ ክንዴን ይጎትታሉ። ኪዱ ወደኔ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየኝ። ራሱን ነቀነቀ፤ አይቀይሩኝ ነው። አልቀየርሁትም። እያነከሰ ወደ እስቴ ግብ አጠገብ ሄዶ ዱላውን ተመርኩዞ ቆመ፣ ጥበቃ የሰለቸው ሽማግሌ መስሎ። እስቴዎች ከጨዋታ የወጣ መሰላቸው። ረሱት።

ፊልጶስ አልረሳውም። ሩሯን ከመሐል ሜዳ አገኛት። በግራው ሁለት የላይ ሰፈር ልጆች ክፍት ናቸው፣ ይጮኹበታል። እሱ ወደዚያ አላየም። ረጅም አድርጎ ወደ ኪዱ መታት። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ ፈሪ ነኝ። ሜዳው ጭጭ አለ። ያ ሁሉ የመካነ ኢየሱስ ሕዝብ ጭጭ ሲል ነው ያወቅሁት፤ ለነሱ ቢሆን ኖሮ ሰማይ ይቀደድ ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ኪዱ ወድቋል፣ ከላዩ ፊልጶስ፣ ከፊልጶስ ላይ ሌሎቹ፣ የማን እግር የማን እጅ እንደሆነ አይለይም። ከዚያ ነጠላዬን ተፋሁትና ጮህሁ። ምን እንዳልሁ አላውቅም።

አንዲት የእስቴ ሴትዮ መጥታ አቅፋ ሳመችኝ። «ልጆችሽን እኔው ነኝ ያጎረስኋቸው፤ እጄን በሰበረው!» ብላ ሳቀች። በገና ጨዋታ አይቆጡም።

ወገዳ የደረስነው ዛሬ ረፋድ ነው። የሰፈር ጨዋታ ያሸነፈ በሰፈሩ በር ነው እየጨፈረ የሚገባው። ሾፌሩ «በየት በኩል ልግባ፣ በላይ ወይስ በታች?» ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ ተያዩ። ፊልጶስ «ገበያው መሐል አቁም» አለው። ሁለቱም ሰፈር ሮጦ ወደ ገበያው መጣ። ጋሽ አለባቸው በዱላቸው እየተደገፉ መጥተው ልጃቸውን አልሳሙም፤ መጀመሪያ ፊልጶስን ሳሙ። የፊልጶስ አባት ይኸን አይተው ኪዱን አንከብክበው አነሡት። እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። አቶ ወንድማገኝ ሲያቅራሩ አየሁ፤ አምስት ዓመት ያሸነፉ እሳቸው እስኪመስሉ።

ልጆቹ እኔንም ሊሸከሙ መጡ። «አውርዱኝ! አስተማሪ ነኝ!» ብል ማን ሰምቶኝ። ከላይ ሆኜ ሁሉንም አየሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥር 3፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቡድኑ ይቀጥላል። አቶ ወንድማገኝ ያን ወረቀት አውጥተው «ታሪኩን ጨርሺው» አሉኝ። ከአሥሩ ሽንፈት በታች አንድ መስመር ጻፍሁ፤ በገና ዕለት መካነ ኢየሱስ ላይ እስቴን 3 ለ 2 አሸነፈ። እጃቸውን ዘርግተው «አሁን ያምራል» አሉ።

የአሰልጣኝነት ደብዳቤም ሰጡኝ። «በጊዜያዊነት» የሚለው የለም። እኔ ግድም አልሰጠኝ። ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያነበብሁት።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሰፈር ጨዋታ ነበር፤ ላይ ከታች፣ እንደ ዱሮው። የኔ ልጆች ተከፍለው ገቡ። አሰልጣኝነቴ እዚያ አይሠራም፤ እንደማንኛውም ሰው ለማየት ሄድሁ። እግሬ ሳላዘው ከልጅነቴ ጀምሮ ወደምቆምበት ወሰደኝ፤ ከላይ ሰፈር ሴቶች መሐል፣ ከአስማረ አጠገብ።

ሲጀመር አብሬያቸው ጮህሁ። ከዚያ ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። ፊልጶስ ሲነዳ ደስ ይለኛል፤ ታቾቹ ሲነጥቁትም ደስ ይለኛል። ይኸ ምን ዓይነት ሕመም ነው ብዬ ራሴን ታዘብሁ። አስማረ «ምነው፣ ጉሮሮሽን አመመሽ?» አለኝ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ኪዱ ሩሯን ያዘ። እግሩ ገና ሙሉ በሙሉ አልዳነም። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ቁልቁል ይበራል። ከፊቱ ማንም የለም። የላይ ሰፈር ሰው ሁሉ ራሱን ይዞ ዝም አለ። ሩሯ የወንዙን ዳር አለፈች። ላይ ሰፈር ተሸነፈ።

በዚያ ሁሉ ዝምታ መካከል እልል ያለች አንዲት ሴት ነበረች። እኔ ነኝ። አፌ ነው አሁንም፣ ሳልጠይቀው።

ሴቶቹ ዘወር ዘወር አሉ። አስማረ አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንቺ፣ የማን ሰፈር ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ማዶ ከወንዙ ዳር ኪዱ ድምፁን ሰምቶ ወደኛ ዞሯል። ዱላውን ወደ ሰማይ አነሣው። እንደገና እልል አልሁ።